የሚሸጥ ግቢ ውሃ አይነፈግም

«እህቴ፣ የሚሸጥ ግቢ ውሃ አያጠጡም» አለኝ ደላላው።

ወሩ ጥቅምት ነበር። የእናታችንን ቤት ለመሸጥ ከተስማማን ገና ሳምንቱ ነው። እኔ ጎማ ይዤ ጽጌረዳውን አጠጣለሁ፤ እሱ ወደ ቤቱ ከመግባቱ በፊት ግቢውን አንድ ዙር ዞረና ፍርዱን ሰጠ። ከአጥሩ ጋር የቆሙት ጽዶች ይቆረጡ፣ ቦታውን አጥብበውታል። ኮኩ ይነሣ፣ የመኪና መዞሪያ ይዟል። ጓሮ ያለው ጌሾና ኮባ ይመንጠር። ከዚያ ከበሩ እስከ በረንዳው ሊሾ ይፍሰስበትና «አራት መኪና ያስገባል» ተብሎ ይተዋወቅ። ሲወጣ ደግሞ «ገዢ የሚገዛው ቦታ ነው፤ ለአበባ ብሎ ብር የሚጨምር ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም» አለኝ።

ክፉ ሰው አይደለም። ሥራውን ያውቃል፣ ሰፈራችን ውስጥም ብዙ ቤት አሻሽጧል። የተናገረው ደግሞ የግሉን ሐሳብ ሳይሆን አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሸጠ ሁሉ የሚለውን ነው። ታላቅ ወንድሜ ወዲያው ተስማማበት። ሁለት ቤት አልፈው ያሉት ጎረቤታችን «ልጄ፣ እናትሽ የሉም፤ ለማን ብለሽ ነው የምትደክሚው?» አሉኝ። ሰልስት ላይ ያገኘሁት የአጎቴ ልጅ ቤት ሲሸጥ ግቢውን እንዴት እንዳስመነጠረ በኩራት አጫወተኝ። ምክሩ ከየአፉ የሚወጣው እንደ ተራ እውነት ነው፤ ማንም ቆም ብሎ አይመረምረውም።

እኔ ግን ስሕተት ነው እላለሁ። ይህን የምለው የእናቴ አበቦች ስላሳዘኑኝ ብቻ አይደለም። አሳዝነውኛል፣ አልክድም። ኀዘኔን ወደ ጎን ብተወው እንኳ ምክሩ በራሱ እግር አይቆምም።

እስቲ የሚባሉትን ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። አንደኛው «ገዢው ስለሚያፈርሰው ግቢውን መንከባከብ ገንዘብ መጣል ነው» ይላል። ሁለተኛው «ዛፉን ቆርጠህ ሊሾ አፍስስ» ይላል። ሁለቱንም የሚለው ያው አንድ ሰው ነው፣ ያውም በአንድ ትንፋሽ። የሚፈርስ ከሆነ ሊሾው የሚፈሰው ለማን ነው? ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠር፣ የቀን ሠራተኛ፣ ዛፍ ቆራጭ፣ ግንዱን የሚያነሣ አይሱዙ፤ ሁሉም ወጪ ነው። እኛ ቤት አትክልተኛው የሚመጣው በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን ነበር፤ የአንድ ዓመት ክፍያው ቢደመር ለዚያ ሊሾ የሚሆን ሲሚንቶ አይገዛም። ስለዚህ ጉዳዩ የቁጠባ አይደለም። የዓይን ጉዳይ ነው። ባዶና ደረቅ የሆነውን ንጹሕ፣ ቅጠል ያለበትን ደግሞ ያልተጸዳ አድርጎ ማየት ለምደናል። ለሽያጭ ማዘጋጀት ማለት ደግሞ ማጽዳት ነው ብለን እናምናለን፤ በዚህ ስም ዛፉንም ከቆሻሻው ጋር ጠርገን እናወጣለን።

«ቦታ ነው የሚሸጠው» የሚለውም ቢሆን ሲደጋገም ስለኖረ እንጂ እውነት ስለሆነ አይደለም የሚታመነው። በዚህ አገር ቦታ የሚሸጥ ሰው የለም። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ከወጣ፣ ከ1967 ወዲህ፣ ሃምሳ ዓመት አልፎታል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ደግሞ መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ መሆኑን ደንግጓል። ይኸው አንቀጽ ታዲያ ለዜጋው የተወለትንም በግልጽ ጽፏል፤ ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬቱ ላይ በሚገነባው ቋሚ ንብረትና በሚያደርገው ቋሚ መሻሻል ላይ ሙሉ መብት አለው፤ ይሸጠዋል፣ ያወርሰዋል። እንግዲህ ልብ በሉ። የእናቴ ያልሆነው መሬቱ ነው። የእናቴ የሆነው በመሬቱ ላይ ያደረገችው ነው፤ ቤቱ፣ አጥሩ፣ የተከለችው ዛፍ፣ ፍግ እያስገባች አርባ ዓመት ያለሰለሰችው አፈር። ደላላው ልሸጠው የማልችለውን ነገር ላሻሽጥልሽ ብሎ፣ ልሸጠው የምችለውን አንዱን ነገር ቁረጪው አለኝ።

በተግባር ዋጋ የሚወራው በካሬ እንደሆነ አውቃለሁ። ዋናው ነገር ካርታው ላይ ያለው ስፋትና የሰፈሩ ስም እንደሆነም አላጣሁትም። ነገር ግን ዛፍ ዋጋ የለውም የምንለው እኛ ሻጮቹ ነን እንጂ ሕጉ አይልም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ዛፍን ከመሬቱ እስካልተለየ ድረስ የመሬቱ አካል አድርጎ ይቆጥረዋል። መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ብሎ ባለይዞታን ሲያስነሣ፣ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ካሳ የሚከፍለው በመሬቱ ላይ ለሰፈረው ንብረትና ለተደረገው ቋሚ መሻሻል ነው፤ ቋሚ ተክልም በዓይነቱና በዕድገት ደረጃው ይገመታል። ገማች መጥቶ የቡናውን እግር የሚቆጥርበት አገር ላይ፣ ባለቤቱ ራሱ በነፃ ቆርጦ ለማገዶ ይሰጠዋል።

ግቢዎቻችን ከየት እንደመጡም ተረስቷል። ያ የ1967 አዋጅ ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ እስከ 500 ካሬ ሜትር ፈቅዶ ነበር። በየሰፈሩ መሐሉ ላይ አነስተኛ ቪላ፣ ከኋላው ሰርቪስ ቤት፣ ዙሪያውን ደግሞ ለጓሮና ለአበባ የሚተርፍ መሬት የምናየው ስለዚህ ነው። የዚያ ዘመን ባለቤት ትርፍ ቤት መሥራትና ማከራየት ተከልክሎ ስለነበር እጁንም ሐሳቡንም ግቢው ላይ አሳረፈ። እናቴ ከደመወዟ ባንክ አላስቀመጠችም፤ የምታስቀምጠው አልነበራትም። ቅዳሜ ከሰዓትን ግን መሬት ውስጥ አስቀምጣለች።

ከበሩ በስተቀኝ ጤና አዳም ነበረ፤ ጎረቤት ቡና ሲያፈላ ልጅ ይልካል፣ ልጁም ሳያንኳኳ ገብቶ ቀንጥሶ ይሄዳል። ከሱ አጠገብ ዳማከሴ፤ ምች የመታው ሰው ቤት ጭማቂው ከእኛ ግቢ ነው የሚሄደው። ከመታጠቢያው ኋላ እርጥበት ስለማይጠፋ ጠጅ ሣር። ጌሾው ሦስት እግር ነው፤ ለማኅበር ጠላ የሚሆነው ከእሱ ተሸምጥጦ ይደርቃል። ኮባውን በዓል ሲደርስ ሴቶቹ ሁሉ ያውቁታል፤ ድፎ ዳቦ የሚደፋ ሁሉ በዋዜማው ቅጠል ሊቆርጥ ይመጣል። ኮኩ ያበበ ዕለት እናቴ ወንበር አውጥታ ከሥሩ ትቀመጥ ነበር። ጽዶቹን የተከልናቸው እኛ ልጆቿ ነን፤ ለእያንዳንዳችን አንድ። የወንድሜ ከሁሉ ረዝሟል።

ይህን የዘረዘርኩት ለማስለቀስ አይደለም። ግቢው ከቤቱ ጋር የተያያዘ ጌጥ ሳይሆን የሰፈሩ ጓዳ እንደነበረ ለማሳየት ነው። ጎረቤቶቼ «ለማን ብለሽ ነው» ሲሉኝ መልሱ በራሳቸው ማጀት ነበረ።

አሁን ወደ ብሩ ልመለስ፤ ምክሩ በብር ስም ነውና የሚሰጠው።

ቤት በሳምንት አይሸጥም። ገዢ ይመጣል፣ ያያል፣ ይጠፋል፣ ሌላ ይመጣል። አንዱ ይቆርጥና ቀብድ ይሰጣል። ካርታው ይጣራል፣ የግብር ክሊራንስ ይወጣል፣ ውልና ማስረጃ ቀጠሮ ይያዛል፣ ወራሽ ከአንድ በላይ ከሆነ ውክልና ከውጭ ይጠበቃል፣ ስም ዝውውሩ የራሱን ጊዜ ይወስዳል። የእኛ አምስት ወር ፈጀ፤ ከዚያ የሚበልጥም ሞልቷል። ውሃ የተነፈገ ግቢ በአምስት ወር ምን እንደሚሆን አስቡት። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሣሩ ይቀላል። ታኅሣሥ ላይ ውርጩ የተረፈውን ያቃጥለዋል። ቅጠሉን የሚጠርግ ስለሌለ የበረንዳው አሸንዳ ይደፈናል። ሰው የሌለበት ግቢ መሆኑን ያወቀ መንገደኛ በአጥሩ ላይ ፌስታል ይወረውራል። ጽጌረዳው ሳይከረከም ሲያድግ እሾህ ብቻ ሆኖ መንገድ ይዘጋል።

ገዢ ደግሞ መጀመሪያ የሚያየው ይህንን ነው። ሳሎኑ ሦስተኛ ነው፤ መጀመሪያ በሩ፣ ከዚያ ግቢው። የደረቀ ግቢ ያየ ሰው ስለ አበባ አያስብም፤ ስለ ሻጩ ያስባል። «እነዚህ ሰዎች ቤቱን ጥለውታል፤ ለመሸጥ ቸኩለዋል» ይላል በልቡ። ከዚያ በኋላ የሚያየውን ሁሉ በዚያ ዓይን ነው የሚያየው። የቧንቧውን ዝገት፣ የጣሪያውን ጠብታ፣ የግድግዳውን ስንጥቅ ሳይፈልግ ያገኛቸዋል። የሚጠራውም ዋጋ የቸኮለ ሰው የሚቀበለውን ዋጋ ነው። ደላላው ለአበባ ብር የሚጨምር አላየሁም ያለው እውነቱን ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ግን እሱ አልነበረም። ጥያቄው የደረቀ ግቢ አይቶ ብር ያልቀነሰ ገዢ አይቶ ያውቃል ወይ ነው። ይህን ጠየቅሁት። ዝም አለ።

ግቢ ለሽያጭ ሲዘጋጅ የሚያስፈልገው ከሚባለው በጣም ያነሰ ነው፤ ይህንን አትክልተኛችን ነው ያስተማረኝ። ጽጌረዳ ከተከረከመ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ መልሶ ያብባል። ኅዳር አጋማሽ ላይ ከከረከሙት ጥር ላይ፣ ገዢ በሚበዛበት ሰሞን፣ ሙሉ አበባ ነው። የሚቆረጠውም ወደ ውጭ ከሚያይ እንቡጥ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው፤ ወደ ውስጥ ካየ እርስ በርሱ ይጠላለፋል። ሣር ሲታጨድ ከቁመቱ ከሲሶ በላይ አይነሣለትም፤ ከዚያ ከወረደ ሥሩ ፀሐይ ይመታውና ይቀላል። አዲስ ነገር አይተከልም፣ የተተከለው ይታረማል፣ ይኮተኮታል። በቃ። አንዳንድ ሻጮች እንደሚያደርጉት ገዢ በሚመጣበት ዕለት ከችግኝ ጣቢያ በማሰሮ ያለ አበባ አምጥቶ ደርድሮ፣ ማታ መልሶ መውሰድ ደግሞ ሌላው ጥፋት ነው፤ እሱ እንክብካቤ ሳይሆን ማታለል ነው። ግቢውን ከሚያስመነጥረው ሰው ጋር አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ፤ ሁለቱም መሬቱ ላይ ያለውን ሕያው ነገር እንደ ዕቃ ነው የሚያዩት።

ስለ ሊሾው ትንሽ ማስላት ያስፈልጋል። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 300 ካሬ ግቢ ሊሾ ቢለብስ፣ 30 ሚሊ ሜትር የሚጥል አንድ የነሐሴ ዶፍ 9,000 ሊትር ውሃ በበሩ በኩል ወደ መንገድ ይገፋል። ዓመቱን ሲደመር ከ300,000 ሊትር ይበልጣል። አፈርና ሥር ቢኖር ብዙው ወደ ታች ይሰርግ ነበር። አሁን ግን ቁልቁል ያሉት ጎረቤቶች ሳሎን ነው የሚደርሰው። እኛ ሰፈር ዳገት ላይ ነው። ከላያችን ያሉ አራት ግቢዎች ለሽያጭ ተብለው ሊሾ ከለበሱ ወዲህ ነው የታችኛው መንገድ ኮብልስቶን በየክረምቱ የሚፈነቀለው። ሻጮቹ የሉም፤ ሄደዋል። ውሃው ግን በየዓመቱ ይመጣል።

የአፈሩም ነገር አለ። በቦሌና በአቃቂ በኩል ያለው ጥቁር ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በዚህ አፈር ላይ ለሠላሳ ዓመት ውሃ ሲስብ የኖረ ትልቅ ዛፍ በአንድ ቀን ሲቆረጥ፣ ይስበው የነበረው ውሃ አፈሩ ውስጥ ይቀራል፤ አፈሩ ሲያብጥም ወለልና ግድግዳ ያነሣል። ቤቱ እንዲያምር ብሎ ዛፉን የቆረጠ ሻጭ የቤቱን መሠረት አደጋ ላይ ጥሎ ሊሆን ይችላል። ስንጥቁ የሚታየው በገዢው ጊዜ ነው። ይህንን እያወቀ የሚያደርግ ብዙ ሰው አለ አልልም። ሳያውቅ የሚያደርገው ግን ብዙ ነው።

ከሚቀርቡት መልሶች ጠንካራው «ገዢው ማፍረሱ አይቀርም» የሚለው ነው። ቀላል መልስ አይደለም። ከተማው እየፈረሰ እየተሠራ ነው፤ ፒያሳና ካሳንችስ ዓይናችን እያየ ተለውጠዋል። የ500 ካሬ ግቢ ገዝቶ በቪላ የሚኖር እየቀነሰ፣ ፎቅ የሚያቆም እየበዛ ነው። እሺ፣ ያፍርስ። ነገር ግን የገዛ ሁሉ በማግስቱ አያፈርስም። ፕላን አሠርቶ፣ የግንባታ ፈቃድ አውጥቶ፣ ብረትና ሲሚንቶ የሚሆን ገንዘብ እስኪያገኝ ዓመታት የሚቆጠሩበት አለ። እስከዚያ ይኖርበታል ወይም ያከራየዋል፤ ያ ጊዜ ለልጅ ኮክ ለቅሞ ለመብላት ይበቃል። ፎቁ ሲሠራም ዳር ያለ ዛፍ ሊተርፍ ይችላል። አርክቴክት አጥር ጥግ የቆመ ጽድ ሲያይ ፕላኑን በግማሽ ሜትር አሸሽቶ ሊያድነው ይችላል፤ የተቆረጠ ጽድ ግን የሚያድን አርክቴክት የለም። ማፍረስም ማትረፍም የገዢው ውሳኔ ነው። ሻጩ አስቀድሞ ሲቆርጥ ያንን ውሳኔ ነው ከገዢው የሚነጥቀው፤ ያልተጠየቀውን ክፋት ቀድሞ ይሠራለታል።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 መንግሥት በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን ሲያስታውቅ፣ የእኛም ቀበሌ ሰው ወጥቶ ነበር። ወንድሜ በዝናብ ጭቃ ለብሶ የተመለሰበትን ዕለት አስታውሳለሁ። በየክረምቱ እየወጣ ይተክላል፣ በዚህም አከብረዋለሁ። የሚተክላት ችግኝ የእናቴን ጽድ የምታክለው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው፤ ያውም ከጸደቀች። ጽዱን ለማስቆረጥ ዛፍ ቆራጭ ሊጠራ ስልክ ያነሣ ዕለት ይህንኑ ነው ያልኩት፤ «ወንድም ጋሼ፣ የአንተን ዛፍ እኮ ነው» አልኩት። ስልኩን ዘጋው።

ለማንኛውም ዛፍ ጠበቃ አልቆምም። ግድግዳ ታክኮ የበቀለ ባሕር ዛፍ፣ ሥሩ የፍሳሽ ጉድጓድ የሰበረ፣ በነፋስ ቅርንጫፉ ጣሪያ ላይ የሚወድቅ ዛፍ ይቆረጥ፤ ቤት ባይሸጥም ኖሮ መቆረጥ ነበረበት። የደረቀውም ይነሣ። የምቃወመው ጤነኛው ዛፍ ሽያጭ ስለመጣ ብቻ ጥፋተኛ ሲባል ነው።

የውሃውን ጉዳይም አልዘለውም። በአብዛኛው ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፤ ለመጠጥ ጀሪካን የሚያሰልፍ ሰው ለአበባ አጠጣ ሲባል ቢቆጣ ይገባዋል። እኔም የቧንቧ ውሃ በየቀኑ ይረጭ አላልኩም። የልብስ ማለቅለቂያ የመጨረሻው ውሃ ለጽድና ለጽጌረዳ ይሆናል። 100 ካሬ ጣሪያ ላይ የወረደ 10 ሚሊ ሜትር የበልግ ዝናብ 1,000 ሊትር ነው፤ ከአሸንዳው ሥር በርሜል ላስቀመጠ ሰው ሳምንታት ያቆየዋል። ሥር የሰደደ ተክል በየቀኑ ከመረጨት በሳምንት አንዴ ጠልቆ ቢጠጣ ይሻለዋል። ከሥሩ የደረቀ ሣርና ቅጠል ከተጎዘጎዘለት ደግሞ እርጥበቱ አይሸሽም። ውሃ የሌለው ሰው ሁሉንም ማዳን አይችልም፤ ዛፎቹን ያድን፣ ሣሩ ይቅላ። ሣር በዝናብ ይመለሳል።

እህቴ ሜሪላንድ ናት። ከሁለት ዓመት በፊት ቤቷን ስትሸጥ ኤጀንቷ ቀድሞ ያዘዛት ሣሩን እንድታጭድ፣ ቁጥቋጦውን እንድትከረክም፣ የዛፎቹን ሥር እንድትጎዘጉዝ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ነው ፎቶ የተነሣው። እዚያ በብዙ ከተሞች ሣሩን ያላጨደ ባለቤት ከማዘጋጃ ቤት ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል። እኔን የማረከኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ገዢው የመጨረሻውን ፊርማ ከመፈረሙ በፊት ቤቱንና ግቢውን ዞሮ ያያል፤ ውል ሲገባ እንዳየው ካልሆነ ይጠይቃል። የእኛ ልማድ ግን ከቀብድ በኋላ ባለው ጊዜ ላይ ምንም አይልም። ቀብድ ከተበላ በኋላ ግቢው የማንም አይደለም፤ ሻጩ «ሸጬዋለሁ» ይላል፣ ገዢው «ገና አልተረከብኩም» ይላል። ተክል የሚሞተው በዚህ መሐል ነው።

የሚሰረቀውም በዚህ መሐል ነው። ከእኛ መንገድ አንድ ሻጭ ገዢው «ይህ ቡገንቢላ ደስ ብሎኛል» እያለ ቀብድ የከፈለበትን አጥር፣ ከርክክቡ በፊት በነበረው ሌሊት አስቆፍሮ ወሰደው። ሁለት የሮማን ዛፍም አብሮ ሄደ። ሮማኖቹ በአዲሱ ቦታ አልጸደቁም። ገዢው ያገኘው አራት ጉድጓድ ነው፤ እስካሁንም ከሻጩ ጋር አይነጋገሩም። ሕጉ ዛፍን የመሬቱ አካል ነው ሲል እንዲህ ያለውን ነው የሚከለክለው። የሚወሰድ ተክል ካለ ውሉ ላይ ይጻፍ፤ «ከበረንዳው ፊት ያሉት ሁለት ጽጌረዳዎች የሻጭ ናቸው» ብሎ መጻፍ አንድ መስመር ነው። ከዚያም የሚሻል አለ፤ ቅርንጫፍ ቆርጦ ማጽደቅ። ጽጌረዳም ጤና አዳምም ዳማከሴም ከተቆረጠ ቅርንጫፍ ይበቅላሉ። ሽያጩ የሚፈጀው ጊዜ ለዚህ ይበቃል። እኔ በአምስቱ ወር ውስጥ ከሁሉም ዓይነት በቆርቆሮ አጽድቄ ለእኛና ለጎረቤቶቻችን አከፋፍያለሁ፤ ከእናቴ ግቢ አንድም ሥር አልተነቀለም።

አሁን የእኛው ሽያጭ እንዴት እንዳለቀ ልንገራችሁ። ገዢው ለአበባው ብሎ አንድ ብር አልጨመረም፤ ደላላው በዚህ እውነቱን ተናግሮ ነበር። ዋጋ ለማስቀነስ ግን ብዙ ሞክሯል፤ የኤሌክትሪክ መስመሩን አነሣ፣ የሰርቪስ ቤቱን ቆርቆሮ አነሣ። «ቤቱ ተጥሎ ነው የከረመው» ሊል አልቻለም፤ የቆመው ጥር ላይ ባበበ ጽጌረዳ መሐል ነበርና። ወንድሜ ያን ዕለት ከጠራነው ዋጋ ብዙም ሳንወርድ እንደተስማማን ያውቃል። ጽዶቹ አልተቆረጡም። ገዢው ሊያቆያቸውም ሊቆርጣቸውም ይችላል፤ አልጠየቅሁትም፣ ቃልም አላስገባሁትም። የእኛ ድርሻ ቆመው እንዲያገኛቸው ማድረግ ነበር። ርክክቡ የካቲት መጨረሻ ላይ ሆነ። ያን ጠዋት አትክልተኛው እንደ ሁልጊዜው መጣ፣ ኮተኮተ፣ ሒሳቡን ተቀበለ። ለገዢው የትኛው ተክል በስንት ቀኑ እንደሚጠጣ እየዞረ ሲያሳየው አየሁ።

ቤታችሁን ለሽያጭ ያቀረባችሁ ሁሉ፣ ወላጆቻችሁ ያቆሙትን ግቢ ልትሸጡ ወንድምና እህት ሆናችሁ የተቀመጣችሁ ሁሉ፣ ዛፍ ቆራጩን ከመጥራታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ግቢውን ዙሩት። ጎረቤት ምን እየቀነጠሰ እንደሚወስድ ጠይቁ። አትክልተኛችሁን በመጀመሪያው ወር አታሰናብቱ፤ ደመወዙን እስከ ርክክቡ ቀን ያዙለት። ዛሬ ማታ የውሃው ፈረቃ ከደረሰም፣ ጀሪካኑ ሞልቶ ሲያበቃ ቀሪውን ከዛፉ ሥር አፍስሱ።